መጥፎ ኮሌስትሮልን በአመጋገብና በአኗኗር ስለመቀነስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴና በኮምቦልቻ የምርመራ ወረቀት ይዘው ከሐኪም ክፍል የሚወጡ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

መጥፎ ኮሌስትሮል የሚባለው ምንድን ነው?

ኮሌስትሮል ሰውነታችን የሕዋሳትን ግድግዳ፣ አንዳንድ ሆርሞኖችንና ሐሞትን ለመሥራት የሚጠቀምበት ቅባት መሰል ነገር ነው። አብዛኛውን የሚሠራው ጉበትን ጨምሮ ራሱ ሰውነታችን ሲሆን፣ ከምግብ የሚገባው ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። ቅባትና ውኃ ስለማይዋሐዱ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ የሚጓዘው በፕሮቲን ተሸፍኖ ነው። ከጉበት ተነሥቶ ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች የሚያደርሰው ኤልዲኤል ይባላል፤ የተረፈውን ሰብስቦ ወደ ጉበት የሚመልሰው ደግሞ ኤችዲኤል ነው። ኤልዲኤል «መጥፎ» የሚል ስም ያወጣው ሲበዛ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተከማቸ መተላለፊያውን ስለሚያጠብ፣ ውሎ አድሮም ለልብ ድካም፣ ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚዳርግ ነው።

ጉበት ኤልዲኤልን ከደም መልሶ የሚለቅምባቸው ተቀባዮች አሉት። ይህን የደረሱበት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። የምንበላው የስብ ዓይነት የእነዚህን ተቀባዮች ሥራ ያቀዘቅዛል ወይም ያቀላጥፋል፤ ከዚህ በታች ስለ ቅቤ፣ ስለ ዘይትና ስለ ሥጋ የሚነገረው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ምንም ሕመም ሳይሰማኝ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል?

አዎን፣ በአብዛኛው የሚገኘውም እንዲሁ ነው። ከፍ ያለ ኮሌስትሮል ራስ አያሳምምም፣ አያዞርም፣ ከእንቅልፍም አይቀሰቅስም። ስለዚህ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰዎች፣ ከዚያም በፊት ቢሆን የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ሲጋራ የሚያጨሱ፣ እንዲሁም አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይም እኅት በወጣትነት በልብ ሕመም የተያዘባቸው ሰዎች ጤነኛ ነኝ ብለው ሳይዘናጉ ደማቸውን ቢያስመረምሩ ተገቢ ነው። ደረትን የሚጨቁን ሕመም፣ የአንድ ወገን የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ድንገተኛ የአፍ መጣመም ወይም የንግግር መተሳሰር ግን የምርመራ ቀጠሮ የሚጠበቅለት ነገር ስላልሆነ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የምርመራ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እንዴት ላንብባቸው?

ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቁጥሮች አሉት፤ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል፣ ኤችዲኤልና ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ቅባት። በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለካ ጠቅላላው ከ200 በታች፣ ትራይግሊሰራይድ ከ150 በታች፣ ኤልዲኤል ደግሞ ከ100 በታች ቢሆን ይመረጣል። ኤልዲኤል ከ130 እስከ 159 ወደ ከፍተኛው የተጠጋ፣ ከ160 እስከ 189 ከፍተኛ፣ 190ና ከዚያ በላይ በጣም ከፍተኛ ነው። ኤችዲኤል በወንዶች ከ40፣ በሴቶች ከ50 ባያንስ ይመረጣል። የልብ ሕመም ወይም የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሙ የኤልዲኤሉን ግብ ከ100ም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

በብዙ ቦታ ኤልዲኤል የሚገኘው በስሌት ነው፤ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ይቀነሳሉ። ለምሳሌ ጠቅላላው 236፣ ኤችዲኤል 42፣ ትራይግሊሰራይድ 170 ቢሆን፣ ከ236 ላይ 42ና 34 ሲቀነሱ ኤልዲኤል 160 ይሆናል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ይህ ስሌት አያስተማምንም፤ ያኔ በባዶ ሆድ እንደገና መመርመር ወይም ኤልዲኤሉን በቀጥታ ማስለካት ያስፈልጋል።

ቅቤን ሙሉ በሙሉ መተው አለብኝ?

ኤልዲኤልዎ ከፍ ያለ ከሆነ ቅቤ የዕለት ምግብ ሊሆን አይገባውም። በሳይንሱ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ እኛ ግን «የሚረጋ ስብ» ልንለው የምንችለው ቅባት የጉበትን ተቀባዮች ሥራ ያቀዘቅዛል፤ ቅቤ ውስጥ ካለው ስብ ደግሞ ከግማሽ የሚበልጠው ይህ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ያህል የሚረጋ ስብ ይይዛል። ኤልዲኤሉ ከፍ ላለና በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚመከረው የሚረጋ ስብ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ 13 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ገንፎው መሐል ላይ የሚፈሰው ቅቤ ብቻውን የቀኑን ድርሻ ሊጨርሰው ይችላል።

የበዓሉን ዶሮ ወጥ ያለ ቅቤ ሥሩ ማለት ግን ከባድ ነገር ነው፤ አስፈላጊም አይመስለኝም። ችግሩ በዓመት ጥቂት ቀን የሚበላው ሳይሆን በየቀኑ በሽሮው፣ በፍርፍሩና በጨጨብሳው የሚገባው ነው። ቅቤው የተነጠረበትን ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላና ነጭ ሽንኩርት በኑግ ዘይት ላይ ለጥቂት ደቂቃ አሙቆ ወጡ ሊወርድ ሲል ጠብ ማድረግ የለመዱትን ሽታ በብዙ መጠን ይመልሳል።

የትኛው ዘይት ይሻላል? ጀሪካኑ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ የተጻፈውስ?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይልቅ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍ ውሸት አይደለም፤ ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ውስጥ ስለሆነ የትኛውም የዕፅዋት ዘይት የለውም። ነገር ግን የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ የሚያንረው የሚረጋ ስብ ነው፤ ከፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደሴ በብርድ ወራት ጠዋት የፓልም ዘይት ጀሪካን ቢያነሡ ዘይቱ ነጭ ሆኖ ረግቶ፣ አንዳንዴም እሳት ዳር ካልሞቀ አልፈስ ብሎ ያገኙታል። ያው ጀሪካን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ሲደርስ በሙቀቱ ቀልጦ ፈሳሽ ይመስላል፤ ይዘቱ ግን አልተለወጠም። የኑግ፣ የሱፍና የሰሊጥ ዘይት በደሴ ብርድም እንዲህ አይረጉም፤ በኑግ ዘይት ውስጥ ያለው የሚረጋ ስብ ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም።

መጠኑንም እናስላ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በወር ቢጨርስ፣ ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ወይም 30 ግራም ያህል ዘይት ይደርሰዋል። ዘይቱ ፓልም ከሆነ 15 ግራም የሚረጋ ስብ ገብቷል ማለት ነው፤ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሳይቆጠሩ ከላይ የተጠቀሰው 13 ግራም አልፏል። በኑግ ዘይት ቢሆን ግን 5 ግራም ገደማ ይሆናል። የኑግ ዘይት ዋጋው ከበድ እንደሚል የታወቀ ነው፤ መፍትሔው መጠኑን መቀነስ ነው። የድሮ እናቶች እንደሚያደርጉት ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በዝግታ ማቁላላት፣ መያዝ ሲጀምር ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል፣ ከዚያም ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ሳያንቆረቁሩ በማንኪያ ለክቶ መጨመር ነው። በዚህ መንገድ ቀድሞ አንድ ጭልፋ ዘይት ይፈስበት የነበረው ወጥ በሦስት ማንኪያ ይበቃዋል፤ ቁሌቱ በደንብ ከበሰለም ጣዕሙ አይጎድልም።

ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይትና «በከፊል ሃይድሮጅኔትድ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የአትክልት ቅቤዎች ከሁሉ የባሱ ናቸው። በእነዚህ የአትክልት ቅቤዎች ውስጥ የሚገኘው ትራንስ የሚባለው ስብ ኤልዲኤልን ከፍ፣ ኤችዲኤልን ዝቅ ያደርጋል። ጠዋት ከመንገድ ዳር የሚገዛ ቦምቦሊኖ የዕለት ቁርስ እንዳይሆን የምንመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኮሌስትሮልን የሚቀንሱ ምግቦች አሉ? ከውጭ የሚመጣ አጃ መግዛት አለብኝ?

አጃ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አጃን የሚያስመሰግነው ቤታ ግሉካን የሚባለው በውኃ የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) በገብስም ውስጥ በብዛት ይገኛል፣ የወሎ ደጋ ደግሞ የገብስ አገር ነው። ይህ አሰር አንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ እንደ አጥሚት ይወፍርና ሐሞትን አስሮ ከሰገራ ጋር ያስወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል፤ በዚህም ኤልዲኤል ይወርዳል። በቀን 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ማግኘት ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 7 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህም እንደ ገብሱ ዓይነት ከ60 እስከ 80 ግራም በሚሆን ያልተፈተገ ገብስ፣ ማለትም በሁለት እፍኝ ገደማ ይገኛል። የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ቂጣ፣ የገብስ ሾርባ፣ በውኃ የተበጠበጠ በሶ ሁሉም ያገለግላሉ። በቅቤ የታሸ ጭኮ ግን ገብስ ስለሆነ ብቻ ከዚህ አይቆጠርም።

ጥራጥሬም እንዲሁ ነው። በቀን 130 ግራም ያህል የበሰለ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ ወይም አተር መመገብ ኤልዲኤልን 5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል፤ ይህ በእንጀራ ላይ የሚወጣ አንድ ሙሉ ጭልፋ ክክ ወይም ምስር ማለት ነው። ተልባ ተቆልቶና ተወቅጦ ሲጠጣ ይጠቅማል፤ ሙሉው ፍሬ ሳይፈጭ ስለሚያልፍ እናቶቻችን መውቀጣቸው ትክክል ነበር። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ፍራፍሬ ይጨመሩበት፤ ስኳርና ነጭ ዱቄት ይቀነሱ፣ ትራይግሊሰራይድን የሚያንሩት እነርሱ ናቸውና።

ሥጋና እንቁላልስ?

ቀይ ሥጋ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ያውም ጮማው ተነሥቶለት ቢበላ ይሻላል። የአካባቢያችን በግ ላት ትልቅ ነው፤ ላቱ ቀልጦ የተጠበሰበት ጥብስ ግን በቅቤ ከተጠበሰው ብዙም አይሻልም። ዱለት፣ ጉበትና ኩላሊት ኮሌስትሮላቸው ከሥጋም ይበልጣል። የዶሮ ቆዳ ቢገፈፍ መልካም ነው፣ በእኛ ቤት ድሮም የሚገፈፍ ነው።

እንቁላልን በተመለከተ ምክሩ ከቀድሞው ላላ ብሏል። አንድ ትልቅ እንቁላል 186 ሚሊግራም ገደማ ኮሌስትሮል ቢኖረውም የሚረጋ ስቡ ትንሽ ስለሆነ፣ ለጤነኛ ሰው በቀን አንዱ አይጎዳም፤ የስኳር ሕመም ወይም በጣም ከፍተኛ ኤልዲኤል ያለባቸው ግን አስኳሉን በሳምንት ከሦስት ወይም ከአራት ባያሳልፉት ይመረጣል። ዓሣ ለሚወዱ ሐይቅ ቅርባችን ነው። የሐይቅ ቆሮሶ እንደ ባሕር ዓሣ ኦሜጋ 3 በሚባለው የስብ ዓይነት የበለጸገ ባይሆንም ስቡ ጥቂት ስለሆነ፣ በጥልቅ ዘይት ካልተጠበሰ በቀር ቀይ ሥጋን ለመተካት የተመቸ ነው።

እጾማለሁ፤ ታዲያ ለምን ከፍ አለ?

ይህን ጥያቄ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠይቃል። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ስለሚያርቅ በራሱ ኮሌስትሮልን ሊቀንስ የሚችል አመጋገብ ነው። ሁለት ነገሮች ጥቅሙን ይወስዱታል። አንደኛው የጾሙ ወጥ ራሱ ቅቤ ስለሌለው ተብሎ በዘይት መዋኘቱ ነው፤ ዘይቱ ፓልም ከሆነ ደግሞ በቅቤ ፈንታ ሌላ የሚረጋ ስብ ተተካ ማለት ነው። ሁለተኛው አገዳደፉ ነው። ከፋሲካ ሌሊት ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ በዶሮ፣ በበግና በቅቤ ከተዋለ፣ በሁለት ወር የወረደው በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። ከፋሲካ በፊት ተመርምሮ «ደህና ነው» የተባለ ሰው ከግንቦት በኋላ ድጋሚ ቢመረመር እውነተኛውን ገጽታ ያያል።

በረመዳንም ፍጡር ላይ ተምሩና ሾርባው መልካም ናቸው፤ በተለይ ሾርባው የገብስ ወይም የአጃ ከሆነ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል። የሚጎዳው በየማታው የሚደጋገመው ሳምቡሳና ሌላው በዘይት የተጠበሰ ነገር፣ ከላዩም የሚጠጣው ለስላሳ ነው። ሳምቡሳውን ለአንድ ሰው አንድ አድርጎ ምስሩን በሳሕን ማብዛት ቤተሰቡ ብዙም ሳይከፋው ሊለምደው የሚችል ለውጥ ነው። መድኃኒት የሚወስዱ ጿሚዎች ሰዓቱን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ በራሳቸው አያቋርጡ።

ቡናስ ይከለከላል?

አይከለከልም፣ ሆኖም አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቡና ውስጥ ካፌስቶልና ካህዌኦል የሚባሉ ቅባቶች አሉ፤ እነዚህ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋሉ። በሰሜን ኖርዌይ ትሮምሶ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ነዋሪዎቹ የሚጠጡት ቡና በበዛ መጠን ኮሌስትሮላቸውም ከፍ እንደሚል አመለከተ፤ ምክንያቱ እነዚህ ቅባቶች መሆናቸው የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በወረቀት ማጣሪያ የሚያልፍ ቡና ቅባቱን ወረቀቱ ላይ ያስቀራል። የጀበና ቡና ግን በወረቀት አያልፍም፤ በዝግታ ሰክኖ፣ አተላው ሳይነቃነቅ ሲቀዳ ከቅባቱ የተወሰነው ከአተላው ጋር ይቀራል።

ስለዚህ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚያዘወትር ሰው፣ ያውም በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሚፈላበት ቤት፣ በቀን እስከ ሁለት ሲኒ መወሰን፣ ጀበናው እስኪሰክን መታገሥና የሲኒውን ሥር ሳይጨልጡ መተው ተገቢ ነው። የቡና ቁርሱ በዘይት የተጠበሰ ነገር ሳይሆን የገብስና የሽንብራ ቆሎ ይሁን።

እንቅስቃሴ ምን ያህል ይበቃል?

በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ማለትም በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት መራመድ ለአዋቂ ሰው መነሻ ነው። ልኩ እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። እንቅስቃሴ ብቻውን ኤልዲኤልን ብዙ አያወርድም፤ ትራይግሊሰራይድን ይቀንሳል፣ ኤችዲኤልን ጥቂት ያሳድጋል፣ ክብደትንና የደም ግፊትን ያወርዳል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ዳገታም ከተማ ስለሆነች ከፒያሳ ወደ ቤት በባጃጅ የሚኬደውን መንገድ በእግር መውጣት ብቻውን በቂ ሥራ ነው። ሜዳማ የሆነችው ኮምቦልቻ ያሉ ሰዎች ሙቀቱ ሳይበረታ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ቢራመዱ ይቀላቸዋል። ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው ግን በራሱ ከመጀመር በፊት ይመርመር።

ሲጋራ፣ መጠጥና ጫት ከኮሌስትሮል ጋር ይገናኛሉ?

ሲጋራ ኤችዲኤልን ይቀንሳል፣ የደም ሥርንም ስለሚያቆስል ለኤልዲኤል በር ይከፍታል። አልኮል ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ አብሮት የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ፣ እንዲሁም ሰዓታት ሙሉ መቀመጡ ጉዳቱን ያከብዱታል።

ቀጭን ነኝ፣ ሥጋም አልበላም፤ እንዴት 200 አለፈ?

ቅጥነት ከኮሌስትሮል ዋስትና አይሰጥም። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዳከም፣ አንዳንድ የኩላሊት ሕመሞች፣ የስኳር ሕመምና አንዳንድ መድኃኒቶች ኮሌስትሮልን ያንራሉ፤ ሐኪሙ እነዚህን ሳይመረምር አመጋገብን ብቻ መውቀስ ትክክል አይደለም።

በዘር የሚወረስ ዓይነትም አለ፤ በዓለም ላይ ከ250 ሰዎች አንዱን ያህል ይይዛል ተብሎ ይገመታል። በዚህ ጊዜ ከላይ የተነገሩት የጉበት ተቀባዮች ከልደት ጀምሮ ጉድለት አለባቸው። ኤልዲኤሉ 190ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከተረከዙ በላይ ባለው ጅማት ላይ እብጠት የወጣበት፣ ወይም ከቤተሰቡ ወንድ ከ55 ዓመት፣ ሴት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም የተያዘችበት ሰው ይህን ሊጠረጥር ይገባል። ለእንዲህ ያለው ሰው ገብስና ምስር ይረዱታል እንጂ ብቻቸውን አይበቁትም። ልጆቹና ወንድሞቹም ሊመረመሩ ይገባል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ ይቀንሱታል?

ሎሚ በሙቅ ውኃ የደም ሥር ውስጥ ያለ ቅባት አያቀልጥም። ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽና ጥቁር አዝሙድ በአንዳንድ ጥናቶች ጥቂት ቅናሽ አሳይተዋል፤ እንደ ምግብ ወጥ ውስጥ መግባታቸው መልካም ነው። አብሽ በብዛት ሲጠጣ የደም ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይጠንቀቁ። እጅግ የሚያሳስበው ግን በገበያ «ደም ያጠራል» ተብሎ የሚሸጥ፣ ምን እንደገባበት የማይታወቅ ጠርሙስ ነው። ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላልና እባክዎ አይውሰዱት።

ሁሉንም ባደርግ ምን ያህል ይወርዳል? በስንት ጊዜ?

የሚረጋውን ስብ የቀነሰ፣ ገብስና ጥራጥሬ ያዘወተረና ክብደቱን ያስተካከለ ሰው ኤልዲኤሉ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢወርድ ጥሩ ውጤት ነው፤ ከመጥፎ አመጋገብ የተነሣ ሰው ከዚያም በላይ ሊያገኝ ይችላል። 160 የነበረው ወደ 140 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ለውጡ ከአንድ ወር በኋላ መታየት ስለሚጀምር ድጋሚ ምርመራው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። በሳምንቱ ተመርምሮ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ድካምንም ገንዘብንም ማባከን ነው። ሁለቱን ምርመራዎች በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ ያድርጉ፤ አንዱን በጾም ሌላውን በፍስክ ያደረጉ እንደሆነም ለሐኪሙ ይንገሩት።

መድኃኒት ታዞልኝ ተስተካክሏል፤ በአመጋገብ ብቻ ልቀጥልና ላቁመው?

እንደ አቶርቫስታቲን ያሉ ኮሌስትሮልን የሚቀንሱ መድኃኒቶች የሚሠሩት እየተወሰዱ ሳለ ነው። ቁጥሩ የተስተካከለው በመድኃኒቱ ከሆነ፣ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያለፈበት፣ የስኳር ሕመም ያለበት ወይም በዘር የወረሰው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ቢያቆም ሕይወቱን ለአደጋ ይዳርጋል። ሌሎችም ቢሆኑ ክብደታቸው ቀንሶ፣ አመጋገባቸው ተለውጦ ለወራት ከጸና በኋላ መጠኑ ይቀነስ እንደሆን ሐኪማቸውን መጠየቅ ይችላሉ፤ ውሳኔው ግን በወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ የልብ ሕመም ስጋታቸው የሚወሰን ነው።

ጡንቻን የሚያም፣ የሚያዝል ስሜት ወይም የሽንት መጥቆር ካለ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ። እርግዝና ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴትም መድኃኒቱን እየወሰደች ከሆነ በቶሎ ለሐኪሟ መንገር አለባት።